የሚስቁ ሙታን

ስቶክሆልም ያለው የእህቴ ልጅ በሌጎ ጡቦች የጦር ሜዳ ሠርቶ ሊወዳደር ነው። የውድድሩን ደንብ ላከልኝና «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» አለኝ።

አየሁት። ሙጫ ክልክል፤ ቀለም መቀባት ክልክል፤ ስፋቱ 48 በ48 ጉጥ ካለው ሰሌዳ እንዳያልፍ። ይሄ ደግ ነው፤ ግጥምም ቢሆን ልክ አለው። ያልተዋጠልኝ ነጥብ አሰጣጡ ነው። ለአሠራር 50፣ ለወታደር ብዛት 40፣ ለ«ታሪክ» 10! እንግዲህ መቶ ወታደር የደረደረ፣ አንድ ቁስለኛ በወጉ ያሳየውን ይበልጣል ማለት ነው። የቆጠራ ሥራ ከሆነ ዳኛ ምን ያደርጋል?

ኩባንያው እንኳ ጦርነትን ይፈራል። በ2020 እ.ኤ.አ. የኦስፕሬይ አውሮፕላን መጫወቻውን ሊሸጥ ሲል፣ የወታደር ነው የሚል ተቃውሞ ተነሳና ሰረዘው። ትንንሾቹ ሰዎች ደግሞ ከ1978 ጀምሮ አንድ ዓይነት ፈገግታ ብቻ ነበራቸው፤ ሌላ ዓይነት ፊት የመጣው በ1989 ከባሕር ወንበዴዎቹ ጋር ነው።

የልጁን ሥራ በፎቶ አየሁት። ምሽጉ ውስጥ የወደቁት ሁሉ ይስቃሉ።

«ምነው?» ብለው፣ «ጋሼ፣ ለፊት እኮ ነጥብ የለውም» አለኝ።

«ታሪክ» ውስጥ ይገባል ብዬ ተከራከርኩ። አሥር ነጥብ ናት ብሎ ስልኩን ዘጋ።