«ኃይል ሰጪ» የተባለው ምግብ በትምህርታችን ውስጥ

እንደሚታወቀው ምግብን ኃይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ ብሎ በሦስት መክፈል ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ የኖረ የማስተማር ልማድ ነው። ለሕፃናት የተሟላ ገበታ ምን እንደሆነ ያስተምራልና አከፋፈሉን አልነቅፍም። የምነቅፈው ይኸው ሠንጠረዥ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተከትሎን መጥቶ የማብራሪያን ቦታ መያዙን ነው። ዕጩ መምህራን የማስተማር ልምምድ ሲያደርጉ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጬ ስሰማ፣ «ሯጭ በሩጫው መካከል ለምን ስኳር ይወስዳል?» ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ «ካርቦሃይድሬት ኃይል ሰጪ ስለሆነ» የሚል ነው። ይህ ስያሜውን መድገም እንጂ ምክንያት መስጠት አይደለም።

ስያሜው ሰውነትን በጨመሩበት ጋዝ ልክ የሚበራ ፋኖስ ያስመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በሥራ ላይ ያለ ጡንቻ በቅድሚያ የሚጠቀመው በውስጡ የተከማቸውን ግላይኮጅን ሲሆን ስብም ያግዘዋል። ጉበት ደግሞ ከራሱ ክምችት ግሉኮስ እየለቀቀ የደም ስኳር እንዳይወርድ ይጠብቃል። ሆኖም የጉበት ክምችት 100 ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነ በረዥም ሥራ ይመናመናል። በመካከል የሚወሰደው ካርቦሃይድሬት ዋና ጥቅሙ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

ለዚህ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1924 የቦስተን ማራቶን ሯጮች ደም ሲመረመር፣ ውድድሩን እጅግ ተዳክመው ከጨረሱት መካከል የደም ስኳራቸው በጣም የወረደ ተገኙ። በ1925 አስቀድመው ካርቦሃይድሬት በብዛት እንዲመገቡ፣ በሩጫው ላይም ከረሜላ እንዲበሉ ሲደረግ በተሻለ ሁኔታ ጨረሱ። በ1986 ደግሞ ኤድዋርድ ኮይልና ባልደረቦቹ ሰባት የሠለጠኑ ብስክሌተኞችን ፈተኑ። ብስክሌተኞቹ ካርቦሃይድሬት የሌለበት መጠጥ ሲሰጣቸው 3 ሰዓት ያህል፣ ካርቦሃይድሬት ሲሰጣቸው 4 ሰዓት ያህል ጋለቡ። ልብ ሊባል የሚገባው በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓቶች የጡንቻቸው ግላይኮጅን በሁለቱም ጊዜ እኩል መቀነሱ ነው። ስለሆነም የጠጡት ስኳር የጡንቻውን ክምችት አላዳነም፤ የደም ስኳርን ደግፎ፣ ክምችቱ ሲሳሳ ለጡንቻው ማገዶ ሆነ እንጂ።

ስያሜው የሚሸፍነው ሁለተኛው ነገር መጠን ነው። በሥራ ላይ ያለ ሰው ግሉኮስ ብቻ ቢወስድ ሰውነቱ ሊጠቀምበት የሚችለው በደቂቃ 1 ግራም፣ በሰዓት 60 ግራም ገደማ ነው። ማነቆው ጡንቻው ሳይሆን አንጀት ነው፤ ግሉኮስን የሚያሳልፉት የአንጀት ፕሮቲኖች አቅማቸው የተወሰነ ነውና። ፍሩክቶስ በሌላ ፕሮቲን በኩል ስለሚያልፍ፣ ሁለቱ ሲደባለቁ መጠኑ በደቂቃ ወደ 1.5 ግራም ከፍ ሊል ይችላል።

ይህን ለምን አጠብቀዋለሁ? አንድ ተማሪ ከመቶ ሜትር ሩጫ በፊት በወላጁ ገንዘብ የገዛውን የግሉኮስ ዱቄት ቢቅም፣ ያስተማርነውን ስያሜ በሥራ ላይ ማዋሉ ነው። ሩጫው ግን በሰከንዶች ያልቃል፤ ማገዶው አስቀድሞ በጡንቻው ውስጥ ያለው ነው፤ ዱቄቱም ገና ከሆድ አልወጣም። ገንዘቡ በከንቱ ወጣ፤ ጥፋቱም የልጁ አይደለም።

ስለዚህ «ከሚከተሉት ኃይል ሰጪ ምግብ የትኛው ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከሁለተኛ ደረጃ ፈተና ብናወጣው ይሻላል። በምትኩ፦ «አንድ ብስክሌተኛ በአንድ ሰዓት ውስጥ 90 ግራም ግሉኮስ ቢጠጣ፣ ሰውነቱ በዚያው ሰዓት ስንቱን ይጠቀማል? የቀረውስ የት ይቆያል? ሆዱ ለምን ይታወካል?» ብለን እንጠይቅ። ስለ አንጀት፣ ስለ ጉበትና ስለ ጡንቻ ለየብቻ ያስተማርናቸው ምዕራፎች በዚህ አንድ ጥያቄ ይገናኛሉ። ከዚህ የተለየ አስተያየት ያለው ባልደረባ በዚሁ መጽሔት ላይ ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።