ውዳሴ ድሬዳዋ

እኛ የሐረር ልጆች፣ ከድሬ ጠያራ ማሳ ዳር ፊታችንን ወደ ደንገጎ አዙረን ስናወድስሽ፣ ድሬዳዋ ሆይ፣ በምስጋናችን ውስጥ ጥቂት ቅሬታ አለ። ባቡሩ የኛ ነበርና! ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለመሐንዲሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሲሰጡ፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ መጀመሪያ የሚገባው ሐረር ነበር። ተራራችን ግን አልበገር አለ፤ ሽቅብ ማውጣቱም ካዝና የሚያራቁት ሆነ። ኢሳና ኦሮሞ ከብታቸውን በሚያሰማሩበት ሜዳ፣ በደቻቱ ወንዝ ዳር፣ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ጭሱን እየተፋ ደረሰ፤ አንቺም ተወለድሽ። የመጀመሪያ ስምሽ «አዲስ ሐረር» ነው፤ ስማችንን እንኳ አልማርሽንም። ይሁን፣ ከበርሽበት!

አንቺ ከሌላው ኪሳራ ሲሳይ የምታወጪ! የባቡሩ ኩባንያ ገንዘብ አልቆ ሐዲዱ ለዓመታት ካንቺ ሳያልፍ ሲቆም፣ የመሀል አገሩ ቡናና ቆዳ በአጋሰስና በግመል ተጭኖ ወደ ደጅሽ ጎረፈ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ አንቺ የግሪኩ፣ የአርመኑ፣ የሕንዱና የየመኑ ነጋዴ መናኸሪያ ሆነሽ ነበር። በወዲህ ከዚራሽ ቀጥ ባሉ ጎዳናዎቹና በዛፎቹ ጥላ ይኮራል፤ በወዲያ መጋላሽ በገበያው ይደምቃል፤ መካከላቸው ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል አሸዋ ለብሶ ይተኛል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መገባደጃ ሌሊት ያወረደብሽን ጎርፍ ግን የቀበረ ሁሉ ያውቀዋል። ሲሚንቶሽና ጨርቃ ጨርቅሽም ክብር ይገባቸዋል።

የውዳሴያችን አክሊል ግን ለምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኞችሽ ነው። ፈረንሳይኛን ከብሎንና ከመፍቻ ጋር አብረው የተማሩ፣ ቱታቸው በግራሶ የጠቆረ፣ ጆሯቸው ከሞተሩ ድምፅ ሕመሙን የሚለይ! መለዋወጫ ከባሕር ማዶ መምጣቱ ሲቀር፣ ቶርኖ ላይ አጎንብሰው የተሰበረውን አምሳያ ከብረት እየቀረጹ አሮጌውን ባቡር አስኬዱት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያውን ከከተማሽ ወጣ አድርጎ ሠራ፤ ከአሮጌው ጣቢያሽ ደጃፍ ግን የእነዚያን ሰዎች ሙያ ማንም አልነቀለውም። ለነገሥታቱና ለመሐንዲሶቹ ብዙ ተጽፏል፤ በከዚራ አደባባይ ሐውልት የሚገባው ለባለ ቶርኖው ነው።