የኦቾሎ ሸንጎና ተመላሹ እንግዳ

አገራችንን ለውጭ ሰው ለማስተዋወቅ ከወጡት መፈክሮች ሁሉ ሁለቱ ከፍ ብለው ተሰምተዋል። አንደኛው የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ያስተዋወቁት «የ13 ወር ፀጋ» ነው፤ ሁለተኛው በ2008 ዓ.ም. የወጣው «ምድረ ቀደምት» ነው። ሁለቱም ያማሩ ቃላት መሆናቸውን አንክድም። ነገር ግን በጥሞና ለመረመራቸው ሰው የመጥሪያ ቃል እንጂ የመመለሻ ቃል አይደሉም። የመጀመሪያው ሰማያችንን ያመሰግናል፤ ሁለተኛው ጥንታችንን ያወድሳል። ፀሐያችንን ያየ እንግዳ ሞቆ ይሄዳል፤ ድንቅነሽንም ያየ ተደንቆ ይሄዳል። ሁለተኛ ጊዜ ግን ስለ ምን ይመጣል?

ታማኝ ጎብኚ የምንለው ራሱ ተመልሶ የሚመጣውን፣ መምጣት ባይችል እንኳ ወዳጁን «ሂድና እይ» ብሎ የሚልከውን ነው። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል እንዲሉ፣ ይህን ታማኝነት የሚወልደው የዓይን ጥጋብ ሳይሆን የልብ ፍርድ ነው።

ለዚህ ማስረጃ የምትሆነን ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ ከአባያ ሐይቅ በስተምዕራብ በዓለታማ አምባ ላይ የሰፈረችው ኦቾሎ ናት። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ማርክ አቤሌስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት በዚያ ተቀምጠው ያጠኑትን በ1983 «የፖለቲካ ሥፍራ» በሚል አርእስት በፓሪስ አሳትመዋል። የመጽሐፉ ዋና ጉዳይ ሰዎች በአደባባይ ተሰብስበው ስለ ጋራ ኑሮአቸው እንዴት እንደሚነጋገሩና እንዴት እንደሚወስኑ ነው። ደራሲው ከዚያ በኋላ የአውሮፓን ፓርላማና የፈረንሳይን ብሔራዊ ሸንጎ አጥንተው ጽፈዋል። በ2003 ግን በልዩ ልዩ ሕዝቦች ሸንጎ ላይ በተዘጋጀ የጋራ መጽሐፍ ውስጥ ዳግመኛ ስለዚያችው አምባ ጻፉ፤ የጽሑፉም አርእስት «ወደ ኦቾሎዎች መመለስ» የሚል ነው። እነሆ፣ የታላላቅ ፓርላማዎችን አዳራሽ የመረመረ ብዕር ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ ኦቾሎ ተመለሰ። በእኛ አስተያየት የመለሰው ንግግሩ ነው። የታየ ነገር በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል፤ የተሰማ ነገር ግን ጥያቄ ይወልዳል፤ ጥያቄም ያደረበት ሰው ተመላሽ ነው።

በመጽሐፉ ላይ ያለን ቅሬታ አንድ ነው። በፈረንሳይኛ ለሊቃውንት የተጻፈ በመሆኑ የኦቾሎ ልጅ ስለ አባቶቹ ሸንጎ የተባለውን እንደ ልቡ ሊያነበው አይችልም። ለእንግዳ የሚመሰክረው ልጅ ምስክርነቱ ካልደረሰው አደራው ጎደሎ ነው።

በጎረቤቷ በዶርዜ እንግዳ የሚታየው ብዙ ነው። ከቀርከሃ የተሠራው ረጅም ቤት የዝሆን ፊት ይመስላል፤ ሸማኔው ይሸምናል፤ ከእንሰት የሚዘጋጀው ቆጮ ይቀርባል። ጎብኚው በግማሽ ቀን ይህን ሁሉ አይቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይወርዳል። ቢነገረው ኖሮ ግን የቤቱን እግር ምስጥ ሲበላው ቤቱ ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረ እንደሚሄድ፣ ሲያስፈልግም ሰዎች ተረዳድተው ከሥፍራው አንሥተው ወደ ሌላ እንደሚወስዱት ይረዳ ነበር። ይህን የሰማ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ «ያ ቤት ዛሬ ምን ያህል አጠረ?» ብሎ መምጣቱ አይቀርም።

የጋሞ ቅርስ ምን እንደሆነ መላው ኢትዮጵያ ያየው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ፣ በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሡትን ወጣቶች የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው፣ ከፊታቸው ተንበርክከው መለሱአቸው። ሳሩን እንደ ጋሻ ያጸናው ዱቡሻ በሚባለው አደባባይ ለዘመናት ሲሰማ የኖረው የሽማግሌ ቃል ነው። ማንኛውም መፈክር ያን ያህል እንግዳ ወደ ጋሞ ምድር ሊጠራ አይችልም።

ስጋታችንም ከዚሁ ይነሣል። ይህ ሸንጎ የእንግዳ መኪና በደረሰ ቁጥር የሚታይ ትርኢት ከሆነ ያን ቀን ሞተ ማለት ነው። ሽማግሌ ለካሜራ ሲል ከተናገረ ወጣቱ በቁርጡ ቀን አይሰማውም፤ ጎብኚውም ቢሆን የታይታ መሆኑን ከተረዳ አይመለስም። ስለዚህ እንግዳው በአባቶች ፈቃድ፣ እውነተኛ ጉዳይ በሚታይበት ቀን፣ ከዳር ተቀምጦ ያዳምጥ፤ የሚያስተረጉምለትም የዚያው አገር ልጅ ይሁን። ጉድለቱም አይሸሸግ። በጥንቱ የጋሞ ልማድ ሴቶች፣ እንዲሁም እንደ ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂ ያሉ ባለ እጆች ከአደባባዩ ንግግር ይገለሉ ነበር። ይህን በግልጽ የሰማ እንግዳ አስተናጋጁን ያምናል፤ ልማዱ ወዴት እንደሚያመራ ለማየትም ዳግመኛ ይመጣል።

በሥራው ላይ ያሉ ሁሉ እንግዳ ከመቁጠር አስቀድመው የዱቡሻውን ሜዳ ከግንባታ፣ ቃሉንም ከመረሳት ይጠብቁ። ሸንጎው ለባለቤቶቹ የሚጠቅም ሆኖ ከኖረ እንግዳ አይታጣም፤ ለባለቤቶቹ ከሞተ ግን እንግዳው የሚመለሰው ወደ ምን ይሆን?