ውስጡን ለቄስ የተውነው ግድግዳ

በስደት የምንኖር ሰዎች ሁሉ ጠንቅቀን የምናውቀው፣ ነገር ግን እስከ ዛሬ ሐያሲ ያላገኘ አንድ የጥበብ ዓይነት አለ። እርሱም አገር ቤት የተሠራ ቤት የሚታይበት ቪዲዮ ነው። ቀድሞ በካሴት ተቀርጾ በሰው እጅ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ በስልክ ይላካል፤ ይዘቱ ግን ያው ነው። የብረት በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። ካሜራው በግቢው ንጣፍ ላይ ጥቂት ይንሸራሸርና ወደ ሳሎን ይገባል። የጂፕሰሙ ኮርኒስ፣ የወለሉ ሴራሚክ፣ የኩሽናው ቁም ሣጥን፣ የደረጃው መደገፊያ፣ በመጨረሻም ጣሪያው ላይ የተቀመጠው የውሃ ሮቶ በየተራቸው ይታያሉ። ከካሜራው ኋላ ያለው ሰው «እንግዲህ ይኸው ነው፤ እንኳን ደስ ያላችሁ» ይላል። እዚህ ሶፋ ላይ ተደርድረን የምናየውም እልል እንላለን።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ጊዜም የማይታየው ግድግዳው ነው። «እንዴት አይታይም?» የሚል ቢኖር፣ እርሱ ያየው ቀለሙንና ልስኑን ነው። ከልስኑ ሥር ያለው ብሎኬት በምን ተሠራ፣ ስንት ቀን ውሃ ጠጣ፣ ከኮለኑ ጋር በምን ተያያዘ ብሎ የጠየቀ ዘመድ እስካሁን አልገጠመኝም። ስለ ሰው ገመና ስንናገር «ውስጡን ለቄስ» እንላለን፤ የቤታችንንም ውስጥ እንዲሁ ለቄስ ትተነዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን የተሸፈነ ግድግዳ እንደ አንድ ሥራ ቆጥሮ መሔስ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። ብሎኬት የሚለውን ቃል ከጣልያን ወስደናል፤ ፌሮውንም፣ አርማታውንም እንዲሁ። ውስጡ ክፍት የሆነውን የሲሚንቶ ብሎኬት በማሽን ማምረት የተስፋፋው ግን በአሜሪካ ነው፤ ሃርመን ፓልመር የተባለ ሰው የማሽኑን የፈጠራ መብት በ1900 አገኘ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እኛ አገር ሲደርስ ቃሉ የዕቃ ስም መሆኑ ቀረና የማዕረግ ስም ሆነ። «ቤታቸው የብሎኬት ነው» ሲባል ሰውየው ደህና ኑሮ እንዳለው ይታወቃል፤ «የጭቃ ነው» ሲባል ድምፅ ዝቅ ይላል። እኔ ጭቃን ለማቆንጀት አልነሣም። ምስጥና እርጥበት ምን እንደሚያደርጉት ክረምቱን በጭቃ ቤት ያሳለፈ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን የጭቃ ቤት ሠሪው የሥራውን ምክንያት ያውቅ ነበር። ጭዱ ለምን እንደሚገባ፣ ጭቃው ስንት ቀን ተረግጦ እንደሚቦካ፣ ማገሩ በምን ያህል እንደሚቀራረብ ከአባቱ ተምሯል፤ ባለቤቱም ጎረቤቱም ስለሚያውቁት ሊያታልላቸው አይችልም። በብሎኬት ጊዜ ዕቃው መጣ፤ ዕውቀቱ መንገድ ላይ ቀረ። ፈራጅ የሌለበት ሥራ ደግሞ ወዴት እንደሚያመራ የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ብሎኬቱ እንግባ። ብዙ ሰው ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቁ ይመስለዋል። አይደለም። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር ተዋህዶ ሌላ ነገር በመሆኑ ነው፤ ውሃው ቀድሞ በፀሐይ ከተነነበት ውህደቱ መንገድ ላይ ይቆማል። መሐንዲሶች የኮንክሪትን ጥንካሬ በ28ኛው ቀን የሚለኩት፣ ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥብ ሆኖ ይቆይ የሚሉትም በዚህ ምክንያት ነው። በየመንገዱ ዳር ያለውን የብሎኬት ማምረቻ ልብ ብሎ ያየ ሰው ግን ሌላ ታሪክ ያነብባል። ጠዋት ከፎርማ የወጣው ብሎኬት ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ይውላል፤ ውሃ በርሜል በርሜል እየተገዛ የሚመጣ ነገር ስለሆነ ይቆጠባል፤ ገዢ ከመጣ በሦስተኛው ቀን መኪና ላይ ይጫናል። ሲጫን ጠርዙ ይረግፋል። የሚገርመው፣ ሲቦካ ውሃ ይበዛበታል፤ ሥራውን ያቀላልና። የበዛ ውሃ ሲተን ባዶ ቀዳዳ ትቶ ስለሚሄድ ያዳክመዋል። እንግዲህ ውሃ በማይገባበት ጊዜ አብዝተን፣ በሚገባበት ጊዜ እንነፍገዋለን ማለት ነው።

ስለ ሲሚንቶው መጠንም ሒሳቡ ቀላል ነው። የብሎኬት ፊት 40 በ20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 12 ከግማሽ ብሎኬት ይፈጃል። 4 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ቁመት ላለው አንድ ግድግዳ 150 ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል፣ አንዱ አምራች ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ 30 ብሎኬት ቢያወጣ ለዚህ ግድግዳ 5 ከረጢት ያወጣል፤ 50 የሚያወጣው 3 ብቻ። ሁለቱ ብሎኬቶች ጎን ለጎን ቢቀመጡ መልካቸው አንድ ነው። ዋጋቸው ይለያያል፤ እኛም ርካሹን ስናገኝ ጎበዝ ገዢ የሆንን ይመስለናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በፍርድ ልናገር። ከስምጥ ሸለቆው፣ ከሞጆና ከአዳማ አካባቢ በሚመጣው ፑሚስ የተሠራ ቀላል ብሎኬት በቀላልነቱ ብቻ ይታማል። ይህ ስሕተት ነው። ሸክሙን ኮለንና ቢም በተሸከመበት ሕንፃ፣ የመሙያው ግድግዳ ቀላል መሆኑ ጥቅም ነው፤ መሬት ስትናወጥ ሕንፃውን የሚገፋው ጉልበት ከክብደቱ ጋር ያድጋልና። ቀላል መሆን ሌላ፣ ሲሚንቶና ውሃ የጎደለው መሆን ሌላ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኅቴ ቤት ስታሠራ አገር ቤት ነበርሁ። አንዱን ብሎኬት አንሥቼ በምስማር ብጭረው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ግንበኛውን ጠርቼ አሳየሁት። ትሑት ሰው ነው፤ እጁን በሱሪው ጠረገና «ጋሼ፣ አይጨነቁ፤ ልስኑ ይሸፍነዋል» አለኝ። ሊያታልለኝ አልነበረም፤ ሊያጽናናኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህች አነጋገር ከጆሮዬ አልጠፋችም፤ የዘመናችንን የቤት አሠራር ከዚህ ባጠረ ቃል የገለጸ የለም። ሰውየውን ለመውቀስ ግን አልደፈርሁም። የሚከፈለው በካሬ ሜትር ነው፤ ብሎኬቱን የመረጠው እርሱ አይደለም፤ ውሃ በርሜል እንዲገዛ የተሰጠው ገንዘብም አልነበረም። ለሴራሚክ የላክነው ገንዘብ ነበር፤ ለውሃ የላክነው አልነበረም።

ከብሎኬቱ የሚከፋው አያያዙ ነው። በእኛ አሠራር ኮለኑና ቢሙ ቀድሞ ይቆማል፤ ብሎኬቱ ኋላ መጥቶ በመሐል ይገባል። ከላይ ከቢሙ ሥር የምትቀረው ክፍተት በስብርባሪና በቡኮ ትጠቀጠቃለች። ግድግዳው ከኮለኑ ጋር በፌሮ ካልተያያዘ በሰው ቤት እንዳደረ እንግዳ ነው፤ ቤቱ ሲናወጥ ቀድሞ የሚወጣው እርሱ ነው። ሌላ ዘዴ የለም እንዳይባል አለ። በ1908 በጣልያን የመሲና ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ከወደመች በኋላ የዳበረው፣ በቺሊ በሜክሲኮና በፔሩ የተለመደው አሠራር የኛን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። ግድግዳው ቀድሞ ይገነባል፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ይተዋል፤ ፌሮው ቆሞ አርማታው በመጨረሻ በጥርሱ መሐል ይፈስሳል። ግድግዳና ኮለን ያን ጊዜ ተቃቅፈው ይቀራሉ። ጥቂት ፎቅ ላላቸው ቤቶች ነው እንጂ ለረጅም ሕንፃ አይሆንም፤ ሸክሙን የሚሸከመው ራሱ ግድግዳው ስለሆነም ደህና ብሎኬት ይፈልጋል። የ2010 ዓመተ ምሕረት ይህን ለሚጠራጠር ትልቅ ምስክር ነው። በጥር ወር በሄይቲ መጠኑ 7.0 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ ያልታሰረ፣ ሲሚንቶ የጎደለው ብሎኬት ከመቶ ሺህ በላይ ሰው በላ። በየካቲት መጨረሻ በቺሊ ከዚያ በብዙ እጥፍ የበረታ፣ 8.8 የደረሰ መጣ፤ የሞቱት ከ500 ጥቂት የሚበልጡ ነበሩ። የመንቀጥቀጡ ቦታና ጥልቀት የየራሱ ድርሻ አለው፤ ቢሆንም የግድግዳውን ድርሻ የሚክድ መሐንዲስ አላገኘሁም።

«ይህ የሌላ አገር ጣጣ ነው» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በ1961 በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ እንዳፈረሰ በዚያ ዘመን የነበሩ አባቶች ያስታውሳሉ። ፒየር ጉዋን የተባሉት ምሁር በ1979 ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥ ከዚያ በፊት የነበረውም ተመዝግቧል። ከ2024 መጸው ጀምሮ በአዋሽና በፈንታሌ በኩል ምድር ስትናወጥ፣ በየካቲት 2025 መጠኑ 6.0 ሲደርስ፣ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቷል። አዲስ አበባም በሌሊት ከፎቅ እየወረደ ደጅ የቆመ ሰው ነበር፤ እኛም እዚህ ስልክ ይዘን ስናድር የነበረው ስለዚሁ ነው። ያን ሌሊት ስለ ሴራሚኩ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ሱቅና መኖሪያ አንድ ላይ የሆነበት ቤት ደግሞ የራሱ በሽታ አለው። ምድር ቤቱ ለኪራይ ስለሚፈለግ ግድግዳው ይነሣና የሱቅ በር ብቻ ይሆናል፤ በኮለን ብቻ ይቆማል። ከላይ ያሉት ፎቆች በብሎኬት ተሞልተው ደረቅና ከባድ ናቸው። ሲናወጥ ሁሉም መታጠፍ ምድር ቤቱ ላይ ይሰበሰባል፤ ከላይ ያለው እንዳለ ይወርድበታል። ሎስ አንጀለስ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። በ1994 በኖርዝሪጅ መንቀጥቀጥ፣ ኖርዝሪጅ ሜዶውስ በተባለው አፓርታማ ምድር ቤቱ ተደፍጥጦ 16 ሰው ሞቷል። ያ ሕንፃ የእንጨት ነበር፤ በሽታው ግን አንድ ነው። ከተማው በ2015 ባወጣው ሕግ ምድር ቤታቸው እንዲህ የላላ አሮጌ አፓርታማዎች እንዲጠናከሩ ባለቤቶቹን አስገድዷል። ፌርፋክስ መንገድ አጠገብ ተቀምጦ ስለዚያ ሕግ የቤት ኪራይ ይጨምራል ብሎ ያጉረመረመ ሰው፣ አዲስ አበባ ባለ ሦስት ፎቅ ሲያሠራ ምድር ቤቱን ለአራት ሱቅ መክፈቱ የሚያስገርም ነው። ደንብ የለንም ማለትም አይቻልም። በ1995 የወጣ የመሬት መንቀጥቀጥ ደንብ ነበረ፤ በ2015 በአውሮፓው ደንብ ላይ የተመሠረተ ሌላ ወጥቷል። ፕላኑ ላይ ይጻፋል፤ ማኅተም ይመታበታል፤ ብሎኬቱ ጋ አይደርስም።

በሁሉ የሚታማው ኮንዶሚኒየም ነው። በ2004 በቦሌ ገርጂ በሙከራ ከተጀመረ ወዲህ «ቀጭን ነው፣ ድምፅ ያሳልፋል፣ ሳይጨርሱ አስረከቡን» ያላለው የለም። ሐሜቱ ብዙ እውነት አለው። እኔ ግን በአንድ ነገር አከብረዋለሁ፤ ብዙው ክፍል ሳይለሰን ሲሰጥ፣ ነዋሪው የቤቱን ግድግዳ እርቃኑን ያየበት ብቸኛ አጋጣሚ ሆነ። ብሎኬቱ የተፈረፈረ ከሆነ ታየ፤ ቡኮው ያልሞላው መገጣጠሚያ ታየ። የሚያሳዝነው፣ ያየውን ሳያነብብ ቀጥሎ ያደረገው ለሳኝ መጥራት፣ አንዳንዱም ሳሎን ለማስፋት ግድግዳውን መናድ መሆኑ ነው።

ስለ አጥር ብዙ አልልም። ከቤቱ የሚበልጥ ቁመት ያለው፣ ጠርሙስ ስብርባሪ የተተከለበት፣ በየመሐሉ የአርማታ ምሰሶ የሌለው የብሎኬት አጥር በአካባቢዬ በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ ወድቋል። ከኋላው የተቆለለው አፈር ውሃ ሲጠጣ ገፋው። ሌባ ለመከልከል የተሠራ ግድግዳ በመንገደኛ ላይ መውደቁ አያስቀጣም፤ መልሶ ማቆሙ ግን በዚያው ዓይነት ብሎኬት ሆነ።

ወደ እኅቴ ቤት ልመለስ። ተጨቃጭቀን ነበር፤ «አንተ ከአሜሪካ መጥተህ ሥራ ታስቆማለህ» ብላኛለች። የምድር ቤቱን ማፍረስ አልተቻለም። ለላይኛው ፎቅ ግን ሌላ አምራች ፈለገች፤ ብሎኬቱ ግቢዋ ውስጥ ተደርድሮ፣ በጆንያ ተሸፍኖ፣ ጠዋትና ማታ ውሃ እየጠጣ አራት ሳምንት ቆየ። በየሁለት ረድፉ ከኮለኑ የወጣ ፌሮ ግድግዳው ውስጥ ገባ። ሴራሚኩ ለሌላ ዓመት ተላለፈ። በዚያ ሰሞን የላከችልን ቪዲዮ አራት ደቂቃ ነው፤ ያልተለሰነ ግድግዳና ጎማ ይዞ ውሃ የሚረጭ ልጅ ብቻ ይታያል። ሶፋው ላይ እልል ያለ ሰው አልነበረም፤ አንዷ ዘመዳችን «ገንዘብ አልቆባት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች።