ከኑዛዜ ውጭ የሚነገር ምሥጢር

በኑዛዜ የሰማሁትን ለጳጳሴም፣ ለዳኛም፣ ለፖሊስም አልናገርም። እኛ የግእዝ ሥርዓት ካቶሊኮች የምንተዳደርበት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የታወጀው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕግ በቀኖና 733 የኑዛዜ ምሥጢር ማኅተም እንዳይደፈር አጽንቶ ያዛል። ቀጣዩ ቀኖና ደግሞ በኑዛዜ ያወቅሁትን ተናዛዡን በሚጎዳ መንገድ እንዳልጠቀምበት ይከለክለኛል። ከባድ ሸክም ነው፤ ድንበሩ ግን ግልጽ ነው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ከኑዛዜ ውጭ የሚነገረው ነው። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ከሰው ፈንጠር ብላ ትጠራኝና «አባ፣ አደራ፣ ከእርስዎ እንዳይወጣ» ትለኛለች። ምእመናን ለካህን የተነገረ ሁሉ እንደ ኑዛዜ የተቆለፈ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ገና ሳትጀምር እንዲህ እላታለሁ፦ «ልጄ፣ ለመናዘዝ ከሆነ እንግባ። ምክር ፈልገሽ ከሆነም እሰማሻለሁ፤ ነገር ግን የተጎዳ ሕፃን ካለ ዝም ልል አልችልም።» ይህን ሰምታ ነገሯን ዋጥ አድርጋ የምትመለስ አለች። ያ በጣም ያመኛል። ሆኖም አናግሮ ኋላ ላይ «ይቅርታ፣ መናገር አለብኝ» ማለት አደራ መብላት ነው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡትና በ2023 ያጸኑት ደንብ፣ ካህን ወይም መነኩሴ ሕፃን መድፈሩን የሰማ ካህን ሳይዘገይ ለሀገረ ስብከቱ ኃላፊ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ በኑዛዜ ወይም እንደ መንፈሳዊ ምሪት ባለ የኅሊና አገልግሎት የተሰማው ግን ከዚህ ውጭ ነው። ያመለከተውንም ሰው «አፍህን ዝጋ» ማለት ክልክል ነው። በኑዛዜ ውስጥ እንኳ እጃችን አልታሰረም። በዚያው በ2019 ከቫቲካን የወጣ መመሪያ፣ በደል የደረሰበት ሰው ሲናዘዝ ካህኑ መብቱንና አቤት የሚልበትን ቦታ እንዲያስረዳው ይነግረናል። በዳዩን ግን «ለፖሊስ እጅህን ካልሰጠህ አልፈታህም» ማለት አይፈቀድልንም፤ የምንፈታው ከልቡ ተጸጽቶ ላለመመለስ ከቆረጠ ነው።

ከሁሉ የባሰው ሽምግልናው ነው። ልጅ ተደፍራ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ካህኑም እርቁን እንዲባርክ ይጠራል። ሽምግልና ድንበር የተጋፉ ጎረቤቶችን፣ የተኳረፉ ባልና ሚስትን ሲያስታርቅ አይቻለሁ፤ አከብረዋለሁም። በሕፃን ገላ ላይ ግን ማንም ሽማግሌ ሊደራደር ሥልጣን የለውም። ወንድሞቼ ካህናት፣ ለእንዲህ ያለው እርቅ ስትጠሩ አትሂዱ፤ ይልቅ ልጅቱንና እናቷን ሐኪም ቤትና ፖሊስ ጣቢያ ድረስ አጅቧቸው።