«ኤርታሌ»ን ስሙልኝ!

ወገኖቼ፣ የያዛችሁትን ሥራ አቁሙና የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» ስሙልኝ! በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ አልበም እኔ ጋ ለመድረስ እስካሁን መቆየቱ ያንገበግበኛል። እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ጎረቤቴ ከስልኩ ላከልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሙዚቃ ጆሮዬ አልገባ ብሏል።

ጊታሩ! ገና ሲነሳ ያገሳል፤ ዲስቶርሽኑ ደረት ውስጥ ይገባል። ግን ልብ ብላችሁ አድምጡት። ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺሆዬ የቆሙት በአምስት ድምፅ ነው፤ የሮክ ጊታሪስትም ሶሎ ሲመታ ብዙውን ጊዜ የሚመላለሰው በአምስት ድምፅ ነው። ለዚህ ነው ሄቪ ሜታሉና ቅኝቱ እዚህ ላይ ተጣብቀው ሳይሆን አብረው የተወለዱ ሆነው የሚሰሙት። ክራራችን ይህን ሁሉ ጩኸት ድሮውንም በሆዱ ይዞ የኖረ ይመስለኛል!

ደግሞ ድምፃውያኑ አራት ናቸው። ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሃሌሉያ ተክለጻድቅ፣ ሄዋን ገብረወልድ። አንዱ ሲያነሳ ሌላው ይቀበላል፤ ሴቶቹ ከከባዱ ጊታር በላይ ሲወጡ ያገር ቤት ሠርግ ላይ ያለሁ ይመስለኛል። «ዳሪኝ» የሚለውን ዘፈናቸውን ቁጭ ብሎ መስማት የሚችል ሰው ካለ አሳዩኝ!

ከጀርባ ያሉትንም ላመስግን። ባንዱን ያሰባሰበው የዚጊ ማርሌይ ማናጀር የነበረው አዲስ ገሠሠ ነው። ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል፤ በ1986 እ.ኤ.አ. የሮክ ባንዱን የሞተርሄድን አልበም የሠራ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእጅጋየሁ ሽባባውን «ጂጂ» የሠራ ሰው። የሜታል ጊታርንም የጂጂን ዜማም ከውስጥ ያወቀ እንዲህ ያለ ጆሮ ሌላ ከየት ይገኛል? ጊታሩን አላለዘበውም፣ ዜማውንም አላስዋጠውም።

አልበሙን «የፈረንጅ ጩኸት» የሚሉት አሉ። የባንዱ ረጅም ፀጉርና የቆዳ ልብስ ዓይናቸውን ስለሞላው ይሆናል። እኔ ግን ከዚህ የበለጠ የእኛ የሆነ ሮክ አልሰማሁም፣ ይህንንም ለማንም ፊት ለፊት እናገራለሁ።

ሰፈራችን ደግሞ ወዶታል! አፋሩ፣ ሶማሌው፣ የመኒው፣ ሐበሻው ተጠጋግቶ በሚኖርበት በዚህ ሰፈር፣ ከሰዓት በኋላ ጫቱ ከኢትዮጵያ ገብቶ መንገዱ ጭር ሲል ድምፁን ከፍ አድርጌ ለቀቅሁት። አማርኛ የማይሰሙ አፋር ጎረቤቴ በር ላይ ቆሙ። ስሙን ስነግራቸው ፊታቸው በራ፤ ኤርታሌ እኮ በአፋር ምድር የሚፍለቀለቅ እሳት ነው። እሳቸውም በ1978 እ.ኤ.አ. አሳል ሐይቅ አጠገብ ስለፈነዳው የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ ይነግሩኝ ጀመር፤ ከዚያም «ድገመው» አሉኝ።

እባካችሁ በስልክ ስፒከር አትስሙት። ባስ ያለው ትልቅ ስፒከር ተዋሱ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ ከ«ዳሪኝ» ጀምሩ!