ቁጥር የሚያናግራት ባቡር

ሽንዲ ገበያ ላይ ቆሞ የባቡር ጥሩምባ መስማት አይቻልም፤ ጎጃም እስከ ዛሬ ሀዲድ አልገባበትም። ድምፁን ጠረጴዛ ላይ የሚያስነሳ ሙያ ግን አለ። ከእውነተኛዋ 87 ጊዜ ባነሰች ሞዴል ሎኮሞቲቭ ሆድ ውስጥ ዲኮደር የሚባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳና ድምፅ ማጉያ ይቀመጣል። ባለቤቷ ተራ ቁጥር በተሰጣቸው የዲኮደሩ ቦታዎች ላይ ቁጥር እየሞላ ጠባይዋን ያበጃል።

1ኛው ቦታ አድራሻዋ ነው፤ ከፋብሪካ ስትወጣ አብዛኛውን ጊዜ 3 ተሞልቶበት ነው። 3ኛው አፈጣጠኗን፣ 4ኛው አቀዛቀዟን ይወስናል። ቅንብሩ የተበላሸበት ሰው በብዙዎቹ ዲኮደሮች 8ኛው ላይ 8 ጽፎ እንደ አዲስ ይጀምራል። ምሕረት የሚያውቅ ዕቃ ነው!

ትልቁ ችሎታ ያለው ጆሮ ላይ ነው። ሁለት ሲሊንደር ያላት የእንፋሎት ባቡር ጎማዋ አንዴ ሲዞር አራት ጊዜ ትተነፍሳለች። የትንፋሹ ድምፅ ከጎማው ዙር ጋር ካልገጠመ ዓይንና ጆሮ ይጣላሉ። ጎበዝ ባለሙያ ጎማው ላይ ምልክት ያደርግና የዲኮደሩን ቁጥር ከፍ ዝቅ እያደረገ ያስማማቸዋል። የናፍጣዋ ደግሞ መጀመሪያ ሞተሯ ያጓራል፤ ጎማው ጥቂት ዘግይቶ ይነሳል። ክብደቷን የሚያሳምነው ያች መዘግየት ናት።

እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ መስመር የሀዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ እንደ ሞዴሏ 87 ጊዜ ሲያንስ 12 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ያ የናፍጣ ጉርምርምታ የለውም። ስለዚህ ድሬዳዋ የቀሩት የአሮጌው መስመር ሎኮሞቲቮች ጨርሰው ዝም ሳይሉ፣ የድምፅ መቅረጫ ያለው ሰው ወደዚያ ቢሄድ መልካም ነው።